የበረዶ መርዶ

ሞትን ከዘመድ መደበቅ ክፉ ልማድ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። ሰውየው ወንድሙ ከሞተ ሦስት ቀን አልፏል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ ምሳውን እየበላ ይስቃል። ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች በሩን ያንኳኳሉ። ይህን ርኅራኄ ብለን መጥራታችን ያናድደኝ ነበር። ለሰው ሐዘን ቀጠሮ የመያዝ ሥልጣን ማን ሰጠን ብዬ ጠየቅሁ። መልስ የሰጠኝ የለም፤ ስድብ የላኩልኝ ግን ነበሩ።

ስለዚህ ቀጥሎ የምናገረው እኔን የሚያስከብር አይደለም። ኮልፌ ቀራንዮ በምኖርበት ሰፈር፣ እኔው ራሴ ለዐሥራ ሁለት ቀን ከአንድ እናት አንድ ነገር ደብቄያለሁ። የደበቅሁት የሰው ሞት አልነበረም። የአንድ በረዶ መሰበር ነው።

እኚህ እናት የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ መርካቶ ጨርቅ ሸጠዋል፤ ጉልበታቸው ሲደክም ሱቁን ለዘመድ ለቀው ቤት ተቀመጡ። መካ ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ሰፈሩ ከ«ሐጂያ» ሌላ ስም ጠርቶላቸው አያውቅም። የመጨረሻ ልጃቸው መርከበኛ ነው። ባሕር የሌላት አገር ልጆቿን ሐይቅ ዳር አስተምራ ወደ ውቅያኖስ ትልካለች፤ እኛ ከዚህ የባሰም አድርገን እናውቃለን። ለቅጥር ቃለ መጠይቁ እንግሊዝኛ ያለማመድኩት እኔ ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ በረንዳዬ ላይ እንደ ፈረንጅ አለቃ ተኮሳትሬ ጠየቅሁት፤ እንደ ሎሌ ጎንበስ ብሎ መለሰልኝ። ቃለ መጠይቁን አለፈ። በሐጂያ ሒሳብ እንግዲህ ልጁ ወደ ባሕር የወጣው በእኔ በር በኩል ነው።

«ልጄን ውሃ ውስጥ የከተትከው አንተ ነህ» ይሉኛል። ሲስቁ ነው የሚሉት። ሁልጊዜ ሲስቁ መሆኑን አረጋግጬ ነበር የምስቀው።

ልጁ የሚሠራበት መርከብ ወደ ደቡብ ዋልታ ጠጋ ብለው ከሚያጠምዱ ጀልባዎች ዓሣ እየተቀበለ፣ እያቀዘቀዘ፣ ወደብ የሚያደርስ ነው። እሱ የሞተር ክፍል ባለሙያ ነው። ሐጂያ ነገሩን አሳጥረውታል፤ «ልጄ የፍሪጅ ሠራተኛ ነው» ይላሉ። የእሳቸው ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ፣ ልጁ ድምፁን እየቀዳ የሚልከው በእኔ ስልክ ነው። ከአሱር ሶላት በኋላ ነጠላ ጫማቸውን እያንሸራተቱ ይመጣሉ፤ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

አንድ ቀን የመጣው መልእክት ከሌሎቹ የተለየ ነበር። «እማዬ፣ ደህና ነኝ» ይላል። «ጭጋግ ስለሆነ ሞተር አጥፍተን ቆመናል። ከፊታችን አንድ በረዶ አለ። ትልቅ ስልሽ እንዲሁ ትልቅ እንዳይመስልሽ፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ በጎኑ ስንሄድ ውለን አላለቀም። አሁን ስልኩን ከመርከቡ ግድግዳ ላይ አስጠግቼዋለሁ። ዝም ብለሽ ስሚ።»

ሰማን። መጀመሪያ የጋለ ዘይት ላይ ሽንኩርት እንደሚጣል ያለ ነገር ተንጨረጨረ። ከሥሩ ሌላ ድምፅ አለ፤ ከባድ የብረት በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት፣ ግን ተከፍቶ የማያበቃ። ያም ቆመ። ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ የመሰለ ነገር መጣና መልእክቱ አለቀ።

«ሰው ነው» አሉ ሐጂያ።

«ሰው አይደለም፤ አየር ነው» አልኩ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አንብቤ ነበር፤ ብዙ ያነበበ ሰው ደግሞ የሚጠይቀው ሲያገኝ አይምርም። «በረዶው ሲሠራ ውስጡ የቀረ አየር ነው። ኮልፌ ላይ ሰው የሚባል ሳይኖር የታሰረ። በረዶው ሲቀልጥ እየፈነዳ ይወጣል።»

«አሁን ነው የሚወጣው?»

«አሁን።»

«ማን ሊተነፍሰው?»

«ልጅዎ ነዋ» አልኩ።

ቀልድ ነበር። ሐጂያ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠጉ። በኋላ ብቻዬን ስሆን ያንን ድምፅ ደግሜ ሰማሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ጣራው ላይ ያለው ሮቶ በሙቀት ሲንቋቋ፣ መጽሐፌን አስቀምጬ የማዳምጥ ሰው ሆንኩ።

በማግስቱ በረዶው ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ። ዋልታው ዳር ላይ ከመሬት አልፎ ባሕሩ ላይ የተዘረጋ የበረዶ ጠፍጣፋ አለ፤ ከግድግዳ እንደሚያልፍ የጣራ ክፈፍ፣ ነገር ግን ውሃ ላይ የተንሳፈፈ፣ አልኳቸው። ይህኛው ከዚያ ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ስፋቱ ከአዲስ አበባ ይበልጣል፤ ሊቃውንቱ ስም ሲያወጡለት እንደ መኪና ታርጋ ፊደልና ቁጥር ሰጥተውታል። ጠፍጣፋው ከጀርባው ያለውን የመሬት በረዶ ደግፎ ይይዛል፤ ጨርሶ ከፈረሰ የኋላው ወደ ባሕር መንሸራተት ይጀምራል።

ከእኛ ቤት ጀርባ ዳገት ነው፤ ዳገቱን የያዘው የድንጋይ ግንብ ባለፈው ክረምት ሆዱ አብጧል። ሐጂያ ወደዚያ አየት አደረጉና «ገባኝ» አሉ። የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ክራቫት አስረው ስለ ዓለም ሙቀት የሚናገሩ ሰዎች ያልሰጡኝን አድማጭ ያን ቀን አገኘሁ። ይህም አበላሸኝ።

ምክንያቱም ቀጥሎ ያልተጠየቅሁትን ተናገርኩ። «ሐጂያ፣ ትልቁ አያስፈራም። ትልቁን መርከቡም ሳተላይቱም ያየዋል፤ ሁሉም ይሸሸዋል። የሚያስፈራው ሲሰባበር ነው። ስባሪው ውሃ ልክ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ በጭጋግ ውስጥ መሣሪያውም አያየው።»

«ታዲያ አሁን ደህና ነው?»

«ሙሉ እስከሆነ ድረስ ደህና ነው።»

ያን ዕለት ልጁ ቀጣዩ ቦታ ኔትወርክ የለውም፤ ለሳምንታት ድምፄ ላይሰማ ይችላል የሚል አጭር መልእክት ላከ። ሐጂያ የቀራቸው በረዶው ብቻ ሆነ። ሳተላይት የሚያነሳውን ፎቶ ለማንም የሚያሳይ ገጽ አለ፤ እሱን ከፍቼ አሳየኋቸው። ጥቁር ባሕር ላይ አንድ ነጭ ነገር፤ ከላይ ሲታይ የተነቀለ መንጋጋ ይመስላል። በየቀኑ ይመጡና «ዛሬስ?» ይላሉ። «ሙሉ ነው» እላለሁ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይሄዳሉ። ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ በረዶው ጤና ነበር የምንጠያየቀው። አንድ ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ ቢሰማን የታመመ ዘመድ ያለን ይመስለው ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ገጹን ስከፍት በረዶው የለም። በቦታው የተሰበረ መስታወት የመሰለ ነገር ባሕሩን ሞልቶታል። አንድ ትልቅ ቁራጭ፣ ጥቂት መካከለኞች፣ ከዚያ ዓይን እስከሚችለው ድረስ ነጭ ፍርፋሪ። መርከብ የሚያህል ነገር በዚያ ፎቶ ላይ አይታይም፤ እንደማይታይ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ስልኩን ዓይኔ ላይ ደቅኜ ፈለግሁ።

ሐጂያ ከአሱር በኋላ መጡ። «ዛሬስ?»

ስልኬ ውስጥ ከሁለት ቀን በፊት የነበረውን ፎቶ አስቀምጬው ነበር። አወጣሁና አሳየኋቸው። «ሙሉ ነው፤ ትንሽ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብሏል» አልኩ። ፈቀቅ ማለቱን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። ውሸት ብቻውን መሄድ ይፈራል መሰለኝ።

አየት አደረጉት። ረዘም አድርገው አዩት። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ሄዱ።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን። ሁለቱን ጽሑፎቼን አስቤ ነበር፤ አስቤም ፎቶውን አሳየሁ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚሰጡት ነው፦ እርግጡ ይታወቅ፣ ጥሩ ቀን ይምጣ፣ ብቻቸውን ሳሉ አይሆንም።

በእነዚያ ቀናት ሐጂያ ቤት አንድ ነገር ተጀመረ። መጀመሪያ ረጅሙ ሶፋ ወጥቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ምንጣፎቹ ታጥበው አጥሩ ላይ ተሰጡ። ከዘመድ ቤት አራት ፍራሽ በጋሪ መጣ። ረመዳን ገና ነበር፤ ሠርግ የለም። እንግዳ ይመጣል እንዴ ብዬ ጠየቅሁ።

«መምጣቱ አይቀርም» አሉኝ።

ስለ ልጃቸው መጠየቅ ትተው ነበር። አንድ ቀን ግን ፎቶውን አይተው ከመለሱልኝ በኋላ «መርከብ ላይ ሰው ሲታመም ምን ያደርጋሉ?» አሉ።

«ሐኪም አላቸው።»

«ከባሰበትስ?»

«ወደብ ያደርሱታል።»

«ወደቡ ከራቀስ?»

ስለ ውሃ መጥፋት ማውራት ጀመርኩ። ውሃ በእርግጥም ከጠፋ ሳምንት ሆኖት ነበር። ሐጂያ እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ ከዚያ እንደ አስታማሚ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ማን ማንን እንደሚያጽናና ያን ጊዜ አልገባኝም። ቤታቸው በቀን ጸጥ ብሎ፣ አልፎ አልፎ የሚጎተት ፍራሽ ብቻ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ከሮቶው ጋር ተደምሮ ሥራ የሚያሠራ አልነበረም።

ዐሥራ ሁለተኛው ቀን እሑድ ነው። ማለዳ ስነሳ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት መጥቷል። ከፈትኩ፤ «ጋሼ፣ ደህና ነኝ» ሲል ሰማሁ፤ የቀረውን ሳልሰማ አጥፍቼ በሸበጥ ወጣሁ። መንገዱ ላይ የዕድራችን ዳኛና የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን ወደ መድኃኔዓለም ሲሄዱ አገኘኋቸው። ዳኛው አየር ጤና ሰፈር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ትልቅ ሰው ናቸው። ሁለቱም ነጭ ነጠላ ለብሰዋል።

«ምነው፣ በሰላም?» አሉኝ ዳኛው።

«የሐጂያ ልጅ ደህና ነው፤ ድምፁ መጣ።»

«ተመስገን። አንድ ላይ ሄደን እንንገራታ። ቤተ ክርስቲያኑ የትም አይሄድ።»

ሄድን። ማለዳ ላይ፣ ሦስት ሰው፣ ሁለቱ በነጭ ነጠላ፣ መሐላቸው የዕድር ዳኛ። ኮልፌ ውስጥ የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ ይህን ሰልፍ ያውቀዋል። እኔ ልማዱን ሁለት ጊዜ የነቀፍኩት ሰውዬ ግን ሳላየው ከፊት ሆኜ መራሁት።

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ሐጂያ ሙሉ ለብሰው ቆመዋል። ከጀርባቸው ክፍሉ ባዶ ነው፤ ፍራሾቹ ግድግዳውን ይዘው ዙሪያውን ተነጥፈዋል፤ ምንጣፉ መሐል ላይ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃል። ሦስታችንንም አንድ በአንድ አዩን።

«ግቡ» አሉ። «ቆያችሁ እኮ።»

ሐጂያ ራሳቸው ቀድመው ገብተው መሬት ተቀመጡ። «በሉ ንገሩኝ። እኔ አልወድቅም፤ ውሃ አታምጡልኝ።»

የፊት ለፊቷ ጎረቤት ይህን ስታይ ደረቷን መታች፤ ጩኸቷን ለቀቀችው። ልጁ ደህና መሆኑን ከአምስት ደቂቃ በፊት ከእኔ ሰምታለች። ክፍሉ ነው ያስለቀሳት ከማለት ሌላ እስከ ዛሬ ማብራሪያ የለኝም።

«ሐጂያ፣ ኧረ እኛስ ደስ የሚል ወሬ ነው ያመጣነው» አሉ ዳኛው በተጨነቀ ድምፅ።

«እንደሱ ነው የሚጀመረው» አሉ ሐጂያ።

ስልኩን አውጥቼ ከፈትኩት። «ጋሼ፣ ደህና ነኝ» አለ ልጁ። ሐጂያ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ሸፈኑት።

«መቼ ያስቀመጥከው ነው?»

«ዛሬ ነው የመጣው።»

«ፎቶውንም ዛሬ፣ ዛሬ ስትለኝ ነበር።» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «እኔ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ አንዱን ጣቃ እያገላበጥክ ሁለቴ አታሳየኝም። ጥጉ ላይ ያለው ደመና ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አልተነቃነቀም። ይሄ ሰው ለበረዶ ብሎ አይዋሸኝም፤ ልጄ ሞቶ ነው አልኩ። ቀን እስክታወጡልኝ ቤቴን አሰናዳሁ።»

አፈርኩ። ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ከግድግዳዬ ማዶ አንዲት ሴት የልጇን ሞት ብቻዋን ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ያስያዝኳት እኔ። እጃቸውን ቀስ ብዬ ከስልኩ ላይ አነሳሁ፤ መልእክቱ ካቆመበት ቀጠለ።

«ለእማዬ ንገርልኝ» ይላል። «ያ ትልቁ በረዶ ተሰባብሯል። ጥቂት ቀን ሆኖታል። አሁን መሐሉ ነን፤ በጣም ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። ቁርጥራጩ እየመጣ የመርከቡን ጎን ይነካል። ጋደም ስል እሰማዋለሁ፤ እንደሚያንኳኳ ሰው ነው፤ ቆም ይልና ደግሞ ያንኳኳል። ብዙ አልተኛሁም። ወደብ ለመድረስ ትንሽ ቀን ይቀረናል።»

የፊት ለፊቷ ጎረቤት ለቅሶዋን አቋርጣ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«ድገመው» አሉ ሐጂያ። ደገምኩት። «አሁንም።» ደገምኩት።

«ተሰባብሯል ነው ያለው?»

«አዎ።»

«አንተ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ስልኩን ከእጄ ወስደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ሊያጽናናኝ የመጣ ሰው ይሄን አያሰማኝም» አሉ ቀስ ብለው። «በአንተ ቢሆን ቆርጠህ ታወጣው ነበር። ልጄ ነው። በሕይወት አለ።» ያን ጊዜ አለቀሱ፤ ዳኛውም ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ነገር ግን ጩኸቱ ወጥቶ ነበር፤ የወጣ ጩኸት አይመለስም። ከሩብ ሰዓት በኋላ በሩ ላይ ጫማ መደርደር ጀመረ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ፍራሾቹ ሁሉ ሰው ይዘዋል። የገባ ሁሉ ጎንበስ ብሎ «አላህ ሰብሩን ይስጥዎት» ይላል።

«አልሞተም እኮ» ይላሉ ሐጂያ።

«እሺ ሐጂያ፣ እሺ» ይላሉ፤ እጃቸውን እየዳበሱ። ቦታው የተሰናዳ፣ ሰው የተቀመጠ፣ ዳኛው ያሉበት ለቅሶ ነበር። የጎደለው ሟቹ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሩቅ ለቅሶ ሁልጊዜም ይጎድላል።

ስልኬን ተቀብዬ ስወጣ አንድ ሰው በር ላይ ክንዴን ያዘኝ። «እውነቱን መቼ ነው የምትነግሯት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እውነቱ ይሄው ነው፤ ልጁ ደህና ነው።»

ራሱን ነቀነቀ፤ በአክብሮት ነው። ከእሱ በኋላ ሌሎች አራት ሰዎች ያንኑ ጠየቁኝ፤ ያንኑ መለስኩ፤ ያንኑ አክብሮት አገኘሁ። በጽሑፌ ያላገኘሁት ክብር ነበር።

ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ስልኬን አወጣሁ። መልእክቱ ዛሬ ደርሶኛል። መቼ እንደተነገረ ግን አይናገርም። መርከቡ ኔትወርክ እስኪያገኝ ድምፁ ስልኩ ውስጥ ስንት ቀን እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም። በረዶ ውስጥ እንደታሰረው አየር ማለት ነው፤ ሲናገር በሕይወት እንደነበረ ይመሰክራል፤ ከዚያ በላይ ምንም። ይህን ለሐጂያ ልንገራቸው ወይስ አልንገራቸው ብዬ ሳወጣና ሳወርድ ዋልኩ። ከአሱር በኋላ ነገርኳቸው።

«እሱን እኔም አስቤዋለሁ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ መጥፎ መጥፎውን ንገረኝ። ጥሩውን እኔ እሞላበታለሁ።»

ከዚያ በኋላ የዕለቱን ፎቶ አሳየኋቸው። ስባሪው በየቀኑ እየሰፋ ሄደ። ፎቶው ሙሉ በሙሉ ደመና የሚሆንበትም ቀን ነበር። «ዛሬ ደመና ብቻ ነው» ስላቸው «እሱንም አሳየኝ» ይሉና ነጩን ነገር ከጥግ እስከ ጥግ ያዩታል። ፍራሾቹን አላነሱም። እንዲነሱም እንዳይነሱም የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በዘጠነኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጮኸ። ልጁ በቪዲዮ ነው የደወለው። ወደብ ላይ ቆሟል፤ ጢሙ አድጓል፤ ፊቱ የበሰለ ድንች ይመስላል። ስልኩን ይዤ በሸበጥ ሮጥኩ። ሐጂያ አዩት፤ መጀመሪያ ምንም አላሉትም። ጣታቸውን ጉንጩ ላይ አድርገው መስታወቱን ዳበሱ። ከዚያ «ራስህን አዙር» አሉት፤ አዞረ። «በዚያም በኩል።» በዚያም አዞረ። «ከሳህ» አሉት።

ከዚያ ስልኩን ይዘው መንገድ ወጡ። ሰብር ይስጥዎት ወዳሏቸው ሰዎች በር እየሄዱ፣ እያንኳኩ፣ አንድ በአንድ አሳዩት። ዳኛው ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው ነበር፤ ባርኔጣቸውን አንስተው «እንኳን ከሞት ተመለስክ» አሉት። ልጁ ሳቀ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባውም።

መጨረሻ የፊት ለፊቷ ጎረቤት በር ደረስን። ስልኩን ወደ እሷ ሲያዞሩት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እዪው እንጂ» አሉ ሐጂያ።

«እኔ አልቅሼለታለሁ» አለች ከነጠላው ሥር። «ያለቀስኩለትን ሰው ፊት አላይም።» ወደ ኋላ ሄደችና በሯን ገርበብ አደረገችው።

«እማዬ፣ ምን ሆነው ነው?» አለ ልጁ ከስልኩ ውስጥ።

«ተዋት» አሉት ሐጂያ። «ስትመጣ ትለምድሃለች።»